ልጅቷን ከሳሙናው ላይ ያወረድኩ ጊዜ

ጥቅምት 4

የሳሙና ፋብሪካችን አለቃ ሉቃስ ከዱባይ ኤግዚቢሽን ተመለሰ። ሳሙና ሊያስተዋውቅ ሄዶ ስልኩን በፎቶ ሞልቶ መጣ። ጠዋት ሁላችንንም ስብሰባ ጠርቶ አንድ በአንድ አሳየን። የጥርስ ብሩሽ የሚመስል የአውቶቡስ ፌርማታ። ሲነከር እንደ ቢራቢሮ የሚዘረጋ የሻይ ከረጢት። ሲከፍቱት የሚስቅ የወተት ካርቶን። «ፈጠራ ማለት ይሄ ነው!» ይላል በየፎቶው። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ «ወተቱስ ጥሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሉቃስ ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፈ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሳምራ፣ አንቺ የዚህ ቤት ዲዛይነር ነሽ። እስከ ዛሬ ምን ፈጠርሽ?» በሰው ፊት። ምን ፈጠርኩ? የሳሙናችን ወረቀት እኔ ሳልወለድ የተሠራ ነው። የእኔ ድርሻ ካርቶኑ ላይ «ከውሃ ይጠብቁ» የሚለውን ጽሑፍ ማስተካከል ነው። ሳሙና... ከውሃ ይጠበቅ። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሁት።

ሳሙናው ስሙ «ሰንበት» ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ግን ከግብር መሥሪያ ቤት በቀር ማንም የለም። ከአቃቂ እስከ ሳሪስ አቦ ሰው ሱቅ ሄዶ «ልጅቷን ስጠኝ» ነው የሚለው። ወረቀቱ ላይ ሹሩባ የተሠራች፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ የጣለች፣ የምትስቅ ልጅ አለች። እናቴ ናት። ዛሬ ማታ ያቺው ልጅ ጉልበቷን አሟት ቅባት ቀቢኝ አለችኝ።

ጥቅምት 9

አዲስ ሐሳብ ተወለደ። የፋብሪካውን አይሱዙ ግማሹን እናጥበዋለን፣ ግማሹን እንተወዋለን። ግራ ጎኑ የሚያብለጨልጭ፣ ቀኝ ጎኑ ጭቃ። ንጹሁ በኩል «በሰንበት የታጠበ» ተብሎ ይጻፋል። «ሰው አይቶ ቀጥ ነው የሚለው!» አለ ሉቃስ። ሹፌሩ ፊሮምሳ እጁን አወጣ። «አለቃ፣ እኔ እኮ ድሮም ግማሹን ብቻ ነው የማጥበው። ሐሳቡ የእኔ ነው።»

ጭቃው ቆንጆ እንዲሆን እኔ ነኝ የቀባሁት። በብሩሽ። እውነተኛ ጭቃ ፎቶ ላይ አያምርም ተብዬ።

ጥቅምት 10

አይሱዙው ሳሪስ ደርሶ ሲመለስ ሁለቱም ጎኑ አንድ ሆኗል። የቃሊቲ አቧራ ግራና ቀኝ አይለይም።

ጥቅምት 21

የመኪናው ማስታወቂያ ስላልሠራ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው ተባለ።

ሉቃስ የስልኩን ነጭ ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አቆመ። «ይሄን አያችሁት? ምንም የለበትም። ውድ የሆነው ምንም ስለሌለበት ነው።» ስለዚህ የእኛም ሳሙና ምንም አይኖርበትም። ነጭ ወረቀት፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ግራጫ «ኤስ»። «ሰንበት» ረጅም ነው፣ ሰው ጊዜ የለውም።

«ልጅቷስ?» አልኩ።

«ትውረድ። ማን ናት ለመሆኑ?»

እና እኔ... «የድሮ ሠራተኛ ትመስለኛለች» አልኩ።

ትመስለኛለች! ሉቃስ አባቱ ካረፉ በኋላ ነው ከውጭ የመጣው፤ እማዬን አያውቃትም። ብነግረው ምን ነበረበት? ይስቃል ብዬ ነው? ወይስ «የእናትሽን ፎቶ ለማስቀረት ነው የምትከራከሪው» እንዳይለኝ? በእሷ ነው ያፈርኩት ወይስ በራሴ? እራት ላይ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሹሮው ጨው በዝቶበት ነበር፣ እሱንም አልተናገርኩም።

ጥቅምት 28

አወረድኳት።

ኮምፒውተሩ «ይህን ምስል ማጥፋት ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ ፈቃድ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው።

ፎቶው የተነሳ ዕለት የተቀጠረችው ሞዴል ቀረች አሉ። የሉቃስ አባት አቶ ሶሬሳ ሳሙና ስታሽግ የነበረችውን እማዬን ከመስመር አወጧትና ግድግዳ አስደገፏት። «ሳቂ» ተባለች፣ ሳቀች። ሌላ ምንም አልተባለችም። አንድ ካርቶን ሳሙና ተሸክማ ወደ ቤቷ ገባች። ፎቶው ከደረት በላይ ብቻ የሆነው እኔ በሆዷ ስለነበርኩ ነው። የፋብሪካው የመጀመሪያ የዲዛይን ውሳኔ እኔን መቁረጥ ነበር ማለት ነው። አሁን ተራው የእሷ ሆነ።

ቀልዱ አላሳቀኝም። እማዬ ጡረታ ከወጣች፣ አባዬም ካረፈ በኋላ የቀራት ማዕረግ ይሄ ነው። ሰርግ ቤት ስትገባ «ልጅቷ መጣች» ብለው ከፊት ያስቀምጧታል። የባጃጅ ሾፌሮች «የኛ ልጅ» ይሏታል፤ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ። እሷም «አይ እናንተ» እያለች ነጠላዋን ታስተካክላለች... ደስ ይላታል። ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ልኬ ወጣሁ።

ኅዳር 2

ከመጋዘን በድሮው ወረቀት የታሸገ አንድ ካርቶን ገዝቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩ። ቤት ያለው ሲያልቅ ከዚያ እያወጣሁ እተካለሁ። አዲሱን እንዳታይ። ጎበዝ ዲዛይነር... ሕዝቡን «ኤስ» አስለምዳለሁ፣ እናቴን በ«ሰንበት» አጥባለሁ። እስከ መቼ? ሳሙና እኮ ያልቃል። እነግራታለሁ። ሰኞ እነግራታለሁ።

ኅዳር 12

ሰኞ አልነገርኳትም።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። አቃቂ በሙሉ ቆሻሻውን ከየጓዳው አውጥቶ ሲያቃጥል ዋለ። የእኛ ፋብሪካም ቀኑን አክብሮ መጋዘኑን አጸዳ። የተረፈውን የድሮ ወረቀት በጥቅል በጥቅሉ በር ላይ አወጡት፤ ሠራተኛውም የሰፈሩም ሰው ለማቀጣጠያ ጥሩ ነው እያለ ተሸክሞ ሄደ። አይቻለሁ። ወዴት እንደሚደርስ አላሰብኩም። ጭንቅላት አለኝ ይባላል!

ከሥራ ስመለስ በየማዕዘኑ ጭስ ነው። እማዬ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች። እጇ ላይ ጠርዙ የተቃጠለ ወረቀት አለ። ግማሽ ሹሩባ፣ አንድ ዓይን።

«ሰፈሩ ሁሉ እኔን ሲያቃጥል ዋለ» አለች።

«ወረቀቱ ተቀይሮ ነው እማዬ... ስብሰባ ላይ ተወሰነ።»

«ማነው የወሰነው?»

«ኮሚቴ።»

«አንቺ ኮሚቴው ውስጥ የለሽበትም?»

«እኔ የታዘዝኩትን ነው ኮምፒውተር ላይ የምሠራው።»

«እሺ» አለች። በቃ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። እማዬ ስትጮህ መልስ አለኝ፤ እሺ ስትል የምለው አጣለሁ።

ኅዳር 13

አልጋዬ ሥር የነበረው ካርቶን ሳሎን መሀል ወጥቶ ተቀምጧል።

ታኅሣሥ 5

«ኤስ» ገበያ ከወጣ ሰነበተ። ገበያው ግን አልሰማም። ሉቃስ «ሱቅ ሱቁን ዞረሽ የተጠቃሚውን ስሜት አጥኚ» ብሎኝ ከግቢያችን ፊት ለፊት ያለችው ሳፊያ ሱቅ ተገትሬ ዋልኩ። ሳፊያ ከሥልጤ መጥታ ሱቁን ስትከፍት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ የሰፈሩን ወሬ ከስኳር ጋር ነው የምትመዝነው።

አንዲት ሴት መጣች። «ልጅቷን ስጪኝ።»

«የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ዓረብ አገር» አለች ሳፊያ፣ ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ።

ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። ሳፊያ «ኤስ»ን አንስታ አሳየቻት። ሴትዮዋ አገላበጠችው። «ይሄ ምንድን ነው? መድኃኒት ነው? ደግሞ ቆሽሿል።» እውነቷን ነው። ነጭ ወረቀት በአቃቂ መንገድ ዳር፣ ከጭነት መኪና አቧራ ጋር፣ ዘይት በነካ እጅ... ሳምንት አይሞላውም፣ ይጠቁራል። ሰው ልብስ የሚያጥብበት ሳሙና ራሱ መታጠብ አለበት።

ሪፖርት ላይ «ተጠቃሚው ለንጽሕና ትኩረት ይሰጣል» ብዬ ጻፍኩ። ሉቃስ በጣም ወደደው።

እማዬ ገበያ መሄድ አቁማለች። ጉልበቴ ነው ትላለች። ባለፈው እሁድ ከዕድር ስብሰባ ቀረች። ጉልበቷ አይደለም፣ አውቃለሁ። ምን አድርጌባት ነው?

ታኅሣሥ 24

ጉድ ነው።

ከሥራ ስገባ ጋሽ ዱጉማ ከግቢያችን ሲወጡ አገኘኋቸው። ጎረቤታችን ናቸው፣ የዕድራችንም ሊቀመንበር። ለበዓልና ለትልቅ ጉዳይ ብቻ የሚወጣውን ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች። «እንኳን ደስ አላችሁ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። ሳሎን ስገባ ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ የለስላሳ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። እማዬ የክት ልብሷን ለብሳለች።

«ምንድን ነው?»

«ሽማግሌ ተልኮብን ነው።»

«ለምን ጉዳይ?»

«ሽማግሌ ለምን ይላካል? ይሰጠን ብለው ነዋ። ባለፈው ሲመጡ ላስብበት ብዬ ቀጠሮ ሰጥቻቸው ነበር። ዛሬ እሺ አልኩ።»

«ሳትጠይቂኝ?!»

«ሳይጠየቁ መሰጠት ይከፋል እንዴ?» አለችና ጠርሙሶቹን መልቀም ጀመረች። ስሙን እንኳ አልነገረችኝም። «ሲደርስ ታይዋለሽ» ብቻ።

ታኅሣሥ 26

ማን ሊሆን ይችላል? የዕድሩ ጸሐፊ ልጅ በቀደም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቦታ ለቆልኛል። እሱ ከሆነ አገር ጥዬ እሄዳለሁ። ወይስ ያ ከውሲ የሚባለው፣ ቃሊቲ ቆርቆሮ የሚሸጠው? ጥርሱ ጥሩ ነው... ምን እያልኩ ነው? የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ሴት ነኝ! ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩ! እንደ በግ ተስማምተውብኝ?

ጥር 3

ፀጉሬን ተሠራሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ ራሴን።

ጥር 14

ሳፊያ ሱቅ ፊት ደርቄ ቀረሁ። መደርደሪያው ላይ እናቴ ተደርድራለች።

አዲስ ሳሙና ነው። ወረቀቱ አረንጓዴና ቀይ፣ ዓይን የሚያሳምም። ፊቷን ከድሮው ወረቀት አይቶ በእጁ የሣለው የታፔላ ሠዓሊ ይመስላል፤ አፍንጫዋን አስረዝሞታል። ሦስት ዓይነት ፊደል። ጥላው ወደ ፀሐይ የወደቀ። አስተማሪዎቼ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር። ከሥር በትልቁ «አደሴ ሳሙና» ይላል። የእማዬ ስም። ሳፊያ አንዱን ካርቶን ከፍታ አልጨረሰችም፣ ሌላ ይጠየቃል። «ለካ ልጅቷ አደሴ ነው ስሟ?» አለ አንዱ፣ ሁለት ይዞ ሄደ።

ቤት ሮጥኩ። እማዬ እየጠበቀችኝ ነበር መሰለኝ። ሳሙናውን ያወጣው ፀሐዩ ነው አለችኝ። አውቀዋለሁ፤ የእኛን ሳሙና በአቃቂ ያከፋፍል የነበረ ነው። ልጅቷ ስትወርድ ገበያው ወረደበት፤ ራሱ ትንሽ ሳሙና ማምረቻ ከፈተ። ከመክፈቱ በፊት ግን ጋሽ ዱጉማን ሽማግሌ ላከ።

«ፊትዎን ለልጃችን ለፀሐዩ ይስጡልን ብለው ነው የለመኑኝ» አለች። «ቆመው። ተቀመጡ እስክላቸው አንዳቸውም አልተቀመጡም። ውልም ተፈራረምን፣ ጋቢም ደረበልኝ።»

ፊቷን! ለፊቷ ሽማግሌ! ለካ የተጠየቅኩት እኔ አይደለሁም። እፎይ አልኩ። ትንሽም ቅር አለኝ... ፀጉር እኮ በነጻ አይሠራም። ከዚያ አቀርቅሬ ጋቢውን አየሁት፤ የምገባበት ጠፋኝ። ሳሙና አከፋፋይ ያሰበውን እኔ ልጇ አላሰብኩም።

ጥር 19

ሉቃስ «አደሴ»ን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። «ሰረቁን!»

ሕግ አማካሪው የአቶ ሶሬሳን ፋይሎች ሲፈትሽ ሰንብቷል። ሴትዮዋ ለእኛ ፈቀድኩ ያለችበት አንድም ወረቀት የለም። ፊቱ የእሷ ነው፣ ለፈለገችው ትሰጣለች። ሉቃስ ተነስቶ ቆመ። «እንግዲያው ሴትዮዋን ፈልጉልኝ! ከምድር በታችም ብትሆን!»

«እናቴ ናት» አልኩ።

የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ መነጽሩን አወለቀ። ሉቃስ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ፈገግ አለ። «ቤተሰብ ነን ስላችሁ ማን ሰማኝ?» ስለ ፀሐዩ ሽማግሌዎች ነገርኩት፣ ነገሩ እንዲገባው ብዬ። አልገባውም። ዓይኑ ግን በራ። ሽማግሌ መላክ ስልኩ ላይ የሌለ ፈጠራ ሆነበት። «እኛም እንልካለን! አንቺ ትመሪያቸዋለሽ።» እንቢ ማለት ነበረብኝ። እሺ አልኩ።

ጥር 28

የእኛ ሽማግሌዎች እነዚህ ናቸው። ሕግ አማካሪው። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ። ሉቃስ ራሱ። ላፕቶፕ።

«ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባም» ብዬው ነበር። «ባህልን ማሻሻል ነው» አለኝ። ገብተው ማንም ሳይላቸው ሶፋው ላይ ተዘረጉ። እማዬ ቆማ ቀረች፣ በገዛ ቤቷ። ከዚያ ሉቃስ ላፕቶፑን ከፈተው። «የብራንዱ ትንሣኤ» ይላል። ግራፎች አሉ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት አለ፤ ከቀስቱ ጫፍ ላይ እኔ ያጠፋኋት ልጅ እንደገና ትስቃለች። ለካ ፋይሉን ከማተሚያ ቤት አስመልሷል። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ስትጨርስ ወደ እነሱ አላየችም።

«ሳምራ» አለችኝ፣ «አንቺ ከየትኛው ወገን ነሽ?»

የላፕቶፑን ገመድ ይዤ በእነሱና በእሷ መሀል ቆሜያለሁ። ደመወዜ በአንድ በኩል ተቀምጧል። ሉቃስ ዓይኑን አጠበበብኝ። ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሄጄ እማዬ አጠገብ ቆምኩ። እጇን ፈልጌ ያዝኩ፤ ቀዝቅዞ ነበር።

«አባትህ ደግ ሰው ነበሩ ልጄ» አለችው። «ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን ሌላ ቤት ገብቻለሁ። ያገባች ሴት ደግሞ ሽማግሌ አይላክባትም።»

ሄዱ። ላፕቶፑ ሲዘጋ ልጅቷ አሁንም እየሳቀች ነበር። ወንበሩን እያስተካከልኩ እማዬ ከኋላዬ «ብትጠይቂኝ እኮ እሺ እል ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«‹ከሳሙናው ላይ ላውርድሽ?› ብትይኝ። ያቺን ልጅ እኔም ሰልችቻታለሁ። በሄድኩበት እሷን ከእኔ ጋር ያስተያያሉ። እሷ አታረጅም፣ እኔ አረጃለሁ። አውርጂኝ እልሽ ነበር።»

«እና ለፀሐዩ ለምን እሺ አልሽው?»

«ጠየቀኛ!» አለች። ከዚያ ያስተካከልኩት ወንበር ላይ ተቀመጠችና... «ሰፈሩ ቢያቃጥለኝ ምንም አይደል። አንቺ ሳትነግሪኝ ቀረሽ። እሱ ነው የቆረጠኝ።»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን፣ በአፍንጫዬም ጭምር። ይቅርታ እማዬ አልኳት። ፀጉሬን ዳበሰችኝና «ኮሚቴውንም ይቅር ብያለሁ በዪልኝ» አለች። ይሄ ምላስ ከየት መጣብሽ ይሉኛል ሰዎች፤ እናቴን ስለማያውቋት ነው።

ጥር 30

ደብዳቤዬን ወሰድኩ። «በጋራ ስምምነት» ከሥራ ተለያይተናል ይላል። የጠየቀኝ የለም።

መጋቢት 6

ሳሪስ አቦ፣ ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ እንደ ቁም ሳጥን የጠበበች ክፍል ተከራይቼ ሥራ ጀምሬያለሁ። ማኅተም፣ የሰርግ ካርድ፣ የባጃጅ ጥቅስ። ፈጠራ ከፈለጉ «እግዚአብሔር ይመስገን»ን በሰባት ቀለም የሚያዝ ደንበኛ አለኝ። ማንንም ሳልጠይቅ ግን ምንም አልቀይርም። አንዱ «ዝም ብለሽ የመሰለሽን አድርጊ» ሲለኝ ደነገጥኩ፣ ሦስቴ ደወልኩለት።

ትናንት ፀሐዩ መጣ። የ«አደሴ»ን ወረቀት እንዳስተካክል። «ቀለሙን አትንኪብኝ፣ ሰው ከሩቅ የሚያየው እሱን ነው። አፍንጫቸውን ብቻ» አለ። አፍንጫውን ልሠራ ቁጭ አልኩና ተውኩት። ያቺን የድሮ ልጅ ነጥብ በነጥብ አውቃታለሁ፤ ኮምፒውተር ላይ ስንት ጊዜ አጉልቼ አይቻታለሁ። እማዬን ግን... አሁን ያለችውን... ግንባሯ ላይ ያለውን ሽበት፣ ስትስቅ ዓይኗ ጠርዝ ላይ የሚሰበሰበውን መስመር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላየሁትም። እወዳታለሁ፤ አላየኋትም። ለፀሐዩ እንደ አሁኗ ፎቶ ብናነሳትስ አልኩት። «እኔ ደስ ይለኛል፣ ግን እሳቸው ይወስኑ» አለ።

ዛሬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እንዳለሽ ፎቶ ላንሳሽ? ለሳሙናው። ሽበትሽም፣ ሁሉም እንዳለ።»

ለቀማውን አቁማ አየችኝ።

«እንዲህ በባዶ ሜዳ ነው የሚጠየቀው?» አለች። «ሽማግሌ ላኪ።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ምስሯ ተመለሰች። ተነስቼ ጋሽ ዱጉማ ቤት ሄድኩ። ለእሁድ እሺ ብለውኛል፣ ኮታቸውን አሳጥበው ከሁለት ሰዎች ጋር ይመጣሉ። እኔ ሳፊያ ሱቅ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ጠያቂው አብሮ አይገባም።